ሐዋሳ ላይ ሆኖ የዓለምን ሥዕል መሰብሰብ፦ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የአሰባሰብና የአሰቃቀል መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይቋቋም የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው ከሕንፃው ነው፤ ቦታው አሞራ ገደል አካባቢ ይሁን ወይስ ታቦር ተራራ ሥር፣ ወደ ሐይቁ የሚያየው መስታወት ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ጉዳይ ሰዓታት ሲያከራክር፣ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል የሚጠይቅ ሰው የሚገኘው ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሞማ በሚለው ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1929 (በሌላ መንገድ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ የጀመረው በአንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በተከራያቸው ክፍሎች ሲሆን፣ የስብስቡ መነሻም ስምንት የኅትመት ሥዕሎች (ሠዓሊው ራሱ ከቀረጸው እንጨት፣ ብረት ወይም ድንጋይ ላይ በወረቀት የሚታተሙ ሥራዎች) እና አንድ ንድፍ ብቻ ነበሩ፤ ለራሱ ወደተሠራለት ሕንፃ የገባው ከ10 ዓመት በኋላ በ1939 ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው አዳራሽ ኖሯቸው ስብስብ ለሌላቸው፣ ወይም ጥቂት ሥዕሎች ይዘው ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ላልወሰኑ ሰዎች ነው፤ የባህል ቢሮ ባለሙያም ሆነ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሥዕል የሚወድ የሆቴል ባለቤትም ቢሆን ሊጠቀምበት ይችላል።

አንደኛ፦ የሚሰበሰበውንና የማይሰበሰበውን በጽሑፍ መወሰን

የመጀመሪያው ሥራ ከአንድ ገጽ ተኩል የማይበልጥ የስብስብ ፖሊሲ መጻፍ ነው። የሞማ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር በ1933 የሙዚየሙን ስብስብ በጊዜ ውስጥ በሚጓዝ ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ተተኳሽ) መስሎ ሥሎት ነበር፤ አፍንጫው ዘወትር ወደ ፊት የሚገፋው የአሁኑ ዘመን ሲሆን፣ ጅራቱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቀረው ከ50 እስከ 100 ዓመት ያለው ያለፈ ጊዜ ነው። የሥዕሉ ጥቅም ስብስብ መነሻና አቅጣጫ ሊኖረው እንደሚገባ ማሳየቱ ነው፤ ፖሊሲው ከየትኛው አሥር ዓመት እንደሚጀመር፣ የትኞቹ የሥራ ዓይነቶች እንደሚካተቱ፣ የትኞቹ አገሮች እንደሚቀድሙ መናገር አለበት።

እዚህ ላይ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አብዛኛው ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው አቅማችን የማይደርስባቸውን የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ስሞች ነው፤ እነዚያን ስሞች በዝርዝር ጽፎ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ ደግሞ ምንም ሳይሰበስቡ ማርጀት ነው። የሚሻለው ዘመድ በሚቆጠርበት መንገድ መቁጠር ነው፤ እጃችን ላይ ካለው ወይም ሊገባ ከሚችለው የአገራችን ሥራ ተነሥቶ፣ ሠዓሊው የት ተማረ፣ ማንን አስተማረ፣ ከማን ጋር ተነጋገረ እያሉ ወደ ውጭ መውጣት።

ምሳሌ እንውሰድ። በ1950ዎቹ ማብቂያ በአለ ፈለገሰላም መሪነት ከተከፈተው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንነሣ። እዚያ ካስተማሩት መካከል ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የተማረ በመሆኑ፣ መንገዱ ስሜትን በተጋነነ ቀለምና ቅርጽ ወደሚገልጸው የጀርመን ኤክስፕረሽኒዝም ያወጣል፤ ይህ ዘውግ ደግሞ በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ብዙ የወረቀት ሥራዎች ስላሉት ከዘይት ቅብ ይልቅ ለአነስተኛ ኪስ ይቀርባል። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንንና ፓሪስን አልፎ፣ የፓውል ክሌንና የኩባዊውን ዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች አይቶ፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ካስተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግእዝን ፊደል የሥዕሉ ዋና አካል አደረገው። ከፊደሉ ተነሥተን ዐይናችንን ወደ ምዕራብ ጎረቤታችን ስናዞር፣ በ1930 ኦምዱርማን የተወለደውንና ለንደን ተምሮ ሲመለስ የዐረብኛን ፊደል እየሰነጠቀ ቅርጽ ያወጣውን ኢብራሂም ኤል ሳላሂን እናገኛለን። ከአንድ ትምህርት ቤት ተነሥተን ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ኩባ፣ አሜሪካና ሱዳን ደረስን ማለት ነው፤ ይህ መስመር ከማንም ሙዚየም ያልተቀዳ የራሳችን ነው። ግዢ ከመጀመሩ በፊት ግን ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ወጥቶ፣ ከጀርመን የተመለሱትን የሠዓሊውን ሥራዎች በአካል ማየት ያስፈልጋል፤ ከመጽሐፍ ኅትመት ላይ ብቻ የታየ ሥዕል የቀለሙን ውፍረትም የሸራውን መጠንም ይደብቃል።

ፖሊሲው የማይሰበሰበውንም በግልጽ ይናገር። ጥንታዊ ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የመቃብር ትክል ድንጋይ በስጦታ ቢመጡ እንኳ አይቀበልም፤ ምክንያቱም ከሙዚየሙ ጥያቄ ውጭ ከመሆናቸው በላይ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.) የሚገዙ በመሆናቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የመጣን ሰው በአክብሮት ወደ ቅርስ ባለሥልጣን መምራት ይገባል።

ሁለተኛ፦ የባለቤትነት ሰንሰለቱን መመርመር

አንድ ሥራ ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ እስከ ዛሬው ሻጭ ድረስ ያለፈባቸው እጆች ሁሉ በቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸው፤ ክፍተት ካለ ክፍተቱም ይጻፍ። የባህል ንብረት ሕገወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ የ1970 ስምምነትና የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ሙዚየሞችን የሚያሳስቡት ይህንኑ ነው። የሻጩ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የግዢ ደረሰኝ፣ የዐውደ ርዕይ ካታሎግ፣ ከሠዓሊው ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ በሸራው ጀርባ የተለጠፈ የጋለሪ ወረቀት ይፈለግ። በነገራችን ላይ የሥዕል ጀርባ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ተናጋሪ ነው፤ ሥዕል ልታዩ ስትሄዱ ገልብጣችሁ ሳታዩ አትመለሱ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሥዕልን መግዛት የቅጂ መብቱን መግዛት አለመሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) መሠረት የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ስለዚህ በፖስተር፣ በካታሎግና በማኅበራዊ ገጽ ለመጠቀም የሚያስችል የጽሑፍ ፈቃድ በግዢው ቀን አብሮ ይፈረም፤ በኋላ ወራሾችን አፈላልጎ ማስፈረም አድካሚ ነው።

ሦስተኛ፦ ማግኘት

ግዢ አንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ ልውውጥና የረጅም ጊዜ ውሰትም አሉ። ግዢን በተመለከተ ከትልልቆቹ የሚወሰደው ትምህርት ቶሎ መግዛት ነው። እስክንድር በ1964 የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» የተሰኘ ሥራ ሞማ የያዘው ቀለሙ ትኩስ ሳለ፣ በዚያው በ1960ዎቹ ነው፤ የለንደኑ ቴት ሙዚየም ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውን የኤል ሳላሂን ትልቅ ሥዕል የገዛው ከ2010 በኋላ፣ የአፍሪካ ሥራዎችን የሚመለከት የራሱ የግዢ ኮሚቴ ካቋቋመ ወዲህ ነው። ሐዋሳ ላይ የሚገዛ ሰው በውጭ ምንዛሪ ከማንም ጋር ሊፎካከር አይችልም፤ ወጣት ሠዓሊን ገና ስቱዲዮው ሳለ በመጎብኘት ግን ይችላል። ቁጥራቸው ተወስኖ የሚታተሙ ፎቶግራፎችና የኅትመት ሥዕሎችም አንድ ሥራ በብዙ አገር እንዲገኝ ስለሚያደርጉ ለጀማሪ ስብስብ ዋናው በር ናቸው፤ ሲገዙ የኅትመቱ ጠቅላላ ቁጥርና የሠዓሊው ፊርማ ያለበት የምስክር ወረቀት አብሮ ይምጣ።

የሚገባውን ሥራ የሚመርጠው ኮሚቴ እያንዳንዱን ሥራ ሲመረምር እኔ ሦስት ጥያቄዎችን አጥብቄ እመክራለሁ። መጋዘናችን ውስጥ ካሉት ሥራዎች መካከል ከየትኛው ጋር ይነጋገራል? እዚህ አየር ንብረት ውስጥ ልናቆየው እንችላለን? የሠዓሊው ስም ቢሸፈን እንፈልገው ነበር? ሁለቱን ያላለፈ ሥራ ነጻ ቢሆንም ይቅር።

ስጦታ ላይ ጥንቃቄው የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም ስጦታን እምቢ ማለት ለእኛ ነውር ይመስላል። «ለዘለዓለም ተሰቅሎ ይኑር» ወይም «የእኛ ቤተሰብ ስም በበሩ ላይ ይጻፍ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ስጦታ ግድግዳውን ለትውልድ ያሥራል። የሰጪውን ክብር የሚጠብቅ፣ ሙዚየሙ ግን መቼና የት እንደሚያሳይ ራሱ እንደሚወስን የሚናገር አጭር የስጦታ ውል ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ «ደንቡ ነው» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት ፊት ለፊት ከመከልከል ይቀላል።

አራተኛ፦ መመዝገብ

ሥራው በር እንዳለፈ፣ ግድግዳ ሳያይ፣ ቁጥር ይሰጠው። ብዙ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ሥርዓት ሦስት ክፍል አለው፤ የገባበት ዓመት፣ በዚያ ዓመት ስንተኛው ርክክብ እንደሆነ፣ በርክክቡ ውስጥ ስንተኛው ዕቃ እንደሆነ። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. በሦስተኛው ርክክብ ከመጡት ሁለተኛው 2017.3.2 ይባላል። መዝገቡ ቢያንስ ፎቶግራፍ፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልኬት፣ በላዩ ያለ ጽሑፍና ፊርማ፣ መለያ ምልክት (ጭረት፣ ጥገና፣ ጉድፍ)፣ ርእስ፣ የተሣለውን ጉዳይ፣ ዘመንና ሠሪውን ይያዝ፤ ይህ በ1997 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የዕቃ መለያ መስፈርት የሚጠይቀው ሲሆን፣ ሥራው ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚሰጠውም ይኸው ነው። የወረቀት ሥራ ላይ ቁጥሩ በጀርባው ጥግ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪፕቶ ፈጽሞ አይነካው።

ለእኛ ሁለት ተጨማሪ ራስ ምታቶች አሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ከፊርማው ሥር «1964» ብሎ ቢጽፍ የእኛን ዘመን ነው ወይስ የፈረንጁን? የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱ ሥዕሉን ከአብዮቱ ዋዜማ ወደ 1960ዎቹ አጋማሽ ሊወስደው ይችላል። በሥዕሉ ላይ ያለው እንዳለ ይገልበጥ፤ ትርጓሜው በሌላ ዓምድ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ሌላው ስም ነው። የውጭ ካታሎጎች ስሞችን በመጨረሻው ቃል ስለሚደረድሩ ገብረ ክርስቶስን «ደስታ» ሥር፣ ማለትም በአባቱ ስም ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ እኛ ግን በራሱ ስም እንመዝግብ፣ ፍለጋ እንዲቀል የውጭውን አጻጻፍ ከጎኑ እናስፍር።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ወቅት የንብረት መዝገብ አይቼ ነበር። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው የአንድ ሠዓሊ የዘይት ቅብ ከስድስት ወንበርና ከአንድ ፋይል ካቢኔት መካከል «ሥዕል ትልቅ ባለ ፍሬም - 1» ተብሎ ተጽፏል፤ የሠዓሊው ስም የለም፣ ልኬት የለም፣ እንደ ወንበሩም በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይሰላበታል። ሞዴል 19 በሕግ የሚፈለግ ከሆነ ይቆረጥ፤ ነገር ግን በደረሰኙ ላይ የሙዚየሙ ቁጥር ይጻፍበት፤ የሥዕሉ ማንነት የሚኖረው በሙዚየሙ መዝገብ ነው።

አምስተኛ፦ ብርሃን፣ እርጥበትና ተባይ

ሐይቁ ከከተማችን በስተ ምዕራብ ነው። ይህ ማለት ሁሉም የሚመኘው ወደ ሐይቁ የሚያይ መስታወት ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ፀሐይ፣ ከውሃው የሚነጥረውን ነጸብራቅ ጨምሮ፣ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ያስገባል ማለት ነው። በአንድ እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የኅትመት ሥዕል ለ11 ወራት ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ ፍሬሙን የፈታሁት እኔ ነበርኩ። ዙሪያውን ያቀፈውን ካርቶን ሳነሣ፣ ከሥሩ የጣት ስፋት ያህል የቀረው ጠርዝ እንደ ንጋት ሐይቅ የጠለቀ ሰማያዊ ነበር፤ መሐሉ ግን አመድ መስሏል። አዳራሹ ውስጥ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው አንድም ቀን ለውጡን አላየም፤ መነጻጸሪያው ካርቶኑ ሥር ተደብቆ ነበርና። የጠፋ ቀለም ደግሞ በጥገና አይመለስም።

በሙያው የተለመደው ልክ ለወረቀት፣ ለፎቶግራፍና ለጨርቅ ሥራዎች 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቅብ ከ150 እስከ 200 ሉክስ ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠንም በአንድ ሉመን ከ75 ማይክሮዋት እንዳይበልጥ ይመከራል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንየው። አንድ የወረቀት ሥራ በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ለ90 ቀን ቢታይ የሚጠራቀምበት 36,000 ሉክስ ሰዓት ነው። መስኮት አጠገብ 5,000 ሉክስ በሚደርስ ብርሃን ለ8 ሰዓት ቢሰቀል ግን 40,000 ይሆናል፤ የሦስት ወሩን ድርሻ በአንድ ቀን በላው ማለት ነው። ስለዚህ የምዕራቡ ግድግዳ ለካፌ፣ ለመጻሕፍት መሸጫና ለድንጋይ ወይም ለብረት ቅርጻ ቅርጽ ይተው፤ የወረቀት ሥራ መስኮት ወደሌለው የውስጥ ክፍል ይግባ። የብርሃን መለኪያ ውድ አይደለም፤ ለጊዜያዊ ግምት የስልክ መተግበሪያም ይረዳል።

እርጥበትን በተመለከተ ብዙ ትላልቅ ሙዚየሞች የተስማሙበት አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ እንዲሆን ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፤ ሸራና እንጨት በየቀኑ ሲያብጡና ሲኮማተሩ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቀን እየሠራ ሌሊት የሚዘጋ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ማቀዝቀዣ በዚህ ረገድ ከምንም የከፋ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ሁለት በር ያለው መግቢያ፣ ጀርባው በሰሌዳ የተዘጋ ፍሬም፣ በሥዕሉና በግድግዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ የቡሽ ቁራጭ፦ እነዚህ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። መጋዘኑ ምድር ቤት አይሁን፤ መደርደሪያውም ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ምስጥና ብል ከአዲስ ዕቃ ጋር ስለሚገቡ፣ የመጣ ሥራ ሁሉ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በተለየ ክፍል በላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለት ሳምንት ይታይ።

ስድስተኛ፦ መስቀል

አሰቃቀል ክርክር ነው፤ ሥዕሎቹ ያው ሆነው ቅደም ተከተላቸው ሲለወጥ የሚሉት ይለወጣል። የቆየው መንገድ በዘመንና በአገር መደርደር ነበር። ቴት ሞደርን በ2000 በቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ሲከፈት ይህን ትቶ ስብስቡን በመልክዐ ምድር፣ በግዑዝ ነገር፣ በእርቃን ሰውነትና በታሪክ ጉዳዮች ከፈለው። ሞማ ደግሞ በ2019 ተስፋፍቶ ሲከፈት፣ የፒካሶን የ1907 «የአቪኞን ወይዛዝርት» ካለበት ክፍል ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊቷ ፌይዝ ሪንጎልድ በ1967 የሠራችውን ደም የሚረጭበት የጎዳና ትዕይንት ሰቀለ። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የሱዳንን ጨምሮ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ባገደ ጊዜም፣ ሙዚየሙ ከቋሚ አዳራሾቹ አንዳንድ የአውሮፓ ሥራዎችን አውርዶ በምትካቸው የእነዚያን አገሮች ሠዓልያን ሥራ ሲሰቅል፣ ከመካከላቸው የኤል ሳላሂ «መስጊዱ» ይገኝበት ነበር። ይህን በቀናት ውስጥ ማድረግ የቻለው ሥራዎቹ አስቀድመው በመጋዘኑ ስለነበሩ ነው።

ለሐዋሳ አዳራሽ የምመክረው አንዱን ግድግዳ በፊደል መጀመር ነው። የግእዝ ፊደል የተጠቀመው ሥራ ከግራ፣ የዐረብኛ ፊደል የተጠቀመው ከቀኝ ይሰቀል፤ ግእዝ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የተመልካቹ ዐይን ከሁለቱም ተነሥቶ መካከል ላይ ይገናኛል። በመካከላቸው 60 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ግድግዳ ይተው፤ ምንም ጽሑፍ አይለጠፍበት። ሚስማር ከመመታቱ በፊት የአዳራሹን ግድግዳዎች በ1 ለ20 መጠን በካርቶን ሠርቶ፣ ሥዕሎቹን በዚያው መጠን ከወረቀት ቆርጦ ለአንድ ሳምንት ማዘዋወር ብዙ ፀፀት ያድናል።

የሥዕሉ መካከል ከወለል በ150 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይዋል። የሚስማሩ ከፍታ የሚገኘው በ150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሮ፣ ሥዕሉ የሚንጠለጠልበት የጀርባው ሽቦ ሲወጠር ከፍሬሙ የላይኛው ጫፍ ዝቅ የሚልበትን በመቀነስ ነው፤ 90 ሳንቲሜትር ቁመት ያለውና ሽቦው 8 ሳንቲሜትር ዝቅ የሚል ሥዕል ሚስማሩ 187 ላይ ይመታል።

ገላጭ ጽሑፉ በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት ቦታው ከወዲሁ ይታሰብ፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ ከ60 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መስመሩ ይረዝማል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ጥቃቅን ቅጥያዎች ስላሉት በትንሹ ሲታተም «ሰ»ና «ሱ» ይምታታሉ፤ ከላቲኑ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። ጽሑፉ ተመልካቹ በዐይኑ ከሚያየው ይጀምር፤ «ታላቁ ሠዓሊ» ብሎ ከሚጀምር ጽሑፍ ማንም ምንም አይማርም።

ሰባተኛ፦ ማዋስ፣ መዋስና ማፈራረቅ

የፒካሶ «ጌርኒካ» የተሰኘው ሥዕል ከ1939 ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል በውሰት ሞማ ከቆየ በኋላ በ1981 ወደ ስፔን ሄዷል፤ ውሰት ምንም ቢቆይ ስብስብ አይደለም። የውሰት ውል የመመለሻውን ቀን፣ የመጓጓዣውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ መድኑም ሥራው ከአዋሹ ግድግዳ ከወረደበት እስከሚመለስበት ሰዓት ድረስ እንደሚጸና ይናገር፤ ባለሙያዎች ይህን «ከሚስማር እስከ ሚስማር» ይሉታል። ሣጥኑ ሲደርስ ወዲያው አይከፈት፤ ከክፍሉ አየር ጋር እንዲላመድ 24 ሰዓት ይቆይ። ሲከፈት ሁለት ሰዎች ይገኙ፤ አንዱ ያለውን ጭረት ሁሉ ይጥራ፣ ሌላው ከላከው ሙዚየም የሁኔታ መግለጫ ጋር ያመሳክር፣ ሁለቱም ይፈርሙ።

የራስን ስብስብ ማፈራረቅም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። ሞማ ከ2019 ወዲህ ከአዳራሾቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን በየስድስት ወሩ ለመለወጥ አቅዶ ሠርቷል፤ ለእኛ የወረቀት ሥራዎችን በየሦስትና በየአራት ወሩ፣ ቅቦችን በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ በቂ ነው። ለሐዋሳ አመቺው ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ የወረቀቱ ሥራ እርጥበቱ ሳይጨምር ወርዶ ወደ መጋዘን ይገባል። ሲወርድ የጀርባው ሰሌዳ ይፈታ፣ የካርቶኑ ጠርዝ ይነሣና ከሥሩ ያለው ቀለም ከመሐሉ ጋር ይነጻጸር፤ ልዩነት ከታየ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የተሰቀለበት ግድግዳና የቆየበት ቀን ብዛት ከመዝገብ ቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ።